ሦስት ቆጣሪ

ጣሪያው ዝቅ ያለ ምድር ቤት፤ ጎንበስ ብዬ ወረድሁ፣
ባትሪዬን በጥርሴ ይዤ የቧንቧ ግንድ ፍለጋ ገባሁ።
ሚልዋኪ፣ የጥር ማለዳ፤ የመቶ ዓመት የእንጨት ቤት፣
ሦስት ፎቅ፣ ሦስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ ያለበት።

አከራዩ ራንዶልፍ የጋዝ ሂሳቡን ጨብጦ፣
«ለይልኝ» አለ ከላይ፣ ደረጃው ራስ ተቀምጦ፤
«አንዱ ማሞቂያ ለኩሶ መስኮት ከፍቶ ይተኛል፣
እኔ በምከፍለው ውሃ ሌላው መኪና ያጥባል።»
እውነቱን ነው። የጋራ ነገር ቆጣቢ የለውም።
ዋጋዬን ነገርሁት። ተነጫነጨ፤ እምቢ ግን አላለም።

ቧንቧ የዘር ሐረግ ነው፤ ሲቆጥሩት ያላሰቡትን ዘመድ ያወጣል።
የሦስተኛው ፎቅ ሙቅ ውሃ በአንደኛው ኩሽና ያልፋል፤
የመካከለኛው መታጠቢያ ከማን እንደ ተወለደ
ማንም አያውቅ፤ ግድግዳ ገባ፣ ታጠፈ፣ የት እንደ ሄደ…
ለጋብቻ እንደሚጣራ ሰው ሰባት ቤት ድረስ ቆጠርሁ፣
የየባለቤቱን ስም በጠመኔ ብረቱ ላይ ጻፍሁ።

ሎሬታ የአንደኛው ፎቅ ናት። ሰማንያ አንድ ሞልቷታል።
ስሟን ከአንሴልሞ ስም ጎን አየችው። «ይሄ ሊቆረጥ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች።
«ይቆረጣል።»
            እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣
«ልንገርህ። ዕቃ ሳጥብ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሲነጋ፣
ውሃው ድንገት ይቀዘቅዛል እጄ ላይ፤
አንሴልሞ ነው፣ ከብረት ማቅለጫው ገብቶ የሚታጠብ ከላይ።
አሥራ አንድ ዓመት። እንደምን አደርክ እንኳ አልተባባልንም፣
እሱ ወሬ አይወድ፣ እኔም ደረጃ አልወጣም።
ግን ውሃው ሲበርድ ‹ደኅና ገባ› እላለሁ፣
የቀረውን ሳህን በቀዝቃዛው አጥባለሁ።
አንድ ጠዋት ሙቅ እንደሆነ ቀረ። አራት ሰዓት ሲሆን ደወልሁ፤
እጁን ብረት አቃጥሎት ሆስፒታል ነበር።»
                                    ምን እላለሁ?

መጋዜን አነሳሁ። ሥራ ነው።
የዛገው ብረት ጮኸ፤ ትርፍራፊው ፊቴ ላይ ረገፈ።
ዓርብ ማታ ሦስት ሰማያዊ ነበልባል፣ ሦስት ቆጣሪ
በአንድ ግድግዳ ላይ፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተሰልፈው።
ራንዶልፍ ከፈለኝ። በጥሬው።

በመጋቢት፣ የምታንጠባጥብ መጋጠሚያ ላጠብቅ ተመለስሁ፣
አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ የምድር ቤቱ መብራት በርቶ ደረስሁ።
ሎሬታ በሌሊት ልብሷ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጣ፣
መነጽሯን ከፍ አድርጋ ሦስተኛው ቆጣሪ ላይ አፍጣ።
«ደረጃ አልወጣም አላልሽም?»
«መውረድ መች ከለከልሁ?» አለች፤
«ዝም በል አሁን። መርፌዋ መዞር ጀመረች።»