ጨው ስንት ቀን ይቆያል?

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ በሰማንያ ዘጠኝ መንገድ፣
ናዚህ ከፊት ሆኖ በረዶ ሲያስወግድ፣
እኔ ከኋላው ነኝ፤ ክብ ብረቱ ይሾራል፣
የሰዶምን ጨው አስፋልቱ ላይ ይዘራል።

የሎጥ ሚስት አንዴ ዞራ ብታይ ቀረች፣
ከጉዞዋ ወጥታ፣ ጨው ሆና ተገተረች።
የኔ ግን ደሞዜ ወደ ኋላ ማየት፣
ወርዶ እንደሁ፣ ተዘግቶ እንደሁ፣ በመስታወት።

ከጽፋት ቁልቁለት ሬዲዮው ጮኸ። አዲሱ አለቃ፣
አሚታይ ነው፤ ድምፁ ገና ያልነቃ፦
«አዛናው፣ የትናንቱ ጨው አሁንም አለ?
ስንት ቀን ይቆያል? ቅጹ ባዶ ዋለ።»

ምን ልበለው? የጨው ዕድሜ እንደ አወዳደቁ ነው።
ደረቅ አስፋልት ካገኘ ነጥሮ ቦይ ይገባል፤ የጎማ ነፋስ ነው የሚያሳድደው።
እርጥብ ካገኘ ነክሶ ይይዛል፣ አይለቅም፤
ዝናብ ከመጣ ግን እስከ ንጋት አይዘልቅም።
ናዚህ ሔርሞን ላይ ሠርቷል፤ እሱ የሚለው ሌላ፦
«ብርድ ሲጠና ጨውም ይተኛል፣ እንደ እንግዳ፣ እራት ሳይበላ።»

መኪናዬን አቁሜ ከኩርባው ላይ ወረድሁ፣
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ አስፋልቱን ዳሰስሁ፣
ጣቴን ቀመስሁት። ናፍጣ፣ ጎማ፣ አፈር፤
ከሥር፣ ከሩቅ የመጣ፣ ትንሽ ጨው ነበር።

«አለ» አልኩት። «በምን ለካህ?» «በምላሴ።»
ቅጹ ለምላስ ዓምድ የለው፤ «ሁለት ቀን» አልኩት ከራሴ።

በእኛ ቤት ጨው «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባላል፣
እምቢ ካለ፣ ድንጋይ ነህ ተብሎ ይጣላል።
ይሄኛው ግን ተጥሎ ነው ሥራው የሚጀምር፣
ማንም ሳይቀምሰው፣ ከጎማና ከበረዶ መሀል ሲያድር።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ፀሐይ ወጣች። አካፋ ይዤ
ያንን ቦይ ልጠርግ ሄድሁ፣ ከናዚህ ጋር ተጉዤ።
ከኩርባው ዳር የለውዝ ዛፍ አለ፤ ሽቄድ ይሉታል፣
ክረምት ሳይወጣ ያብባል፣ መታገሥ ያቅተዋል።
ወደ ሸለቆው ያለው ጎኑ ነጭና ሮዝ፣ ንብ የሞላው፤
ወደ መንገዴ ያለው ጎኑ እንደ ማገዶ የደረቀ፣ ንብ የጠላው።

አንድ ቀንበጥ ሰበርሁ።
ቀጭ አለ። አረንጓዴ የለውም።
ስልኬን አወጣሁ፤ ለአሚታይ ልደውል አልሁ፣
አልደወልሁም።
ሁለት ቀን ብሎ ጽፏል። ፈርሜበታለሁ።

ከመኪናው ሃያ ሊትር ውኃ አወረድሁ፣
በመንገዱ በኩል፣ ከሥሩ፣ ቀስ እያልሁ አፈሰስሁ።
አፈሩ ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ፤
ነጭ አረፋ መሳይ ነገር ወደ ላይ ወጣ።

«ለአንድ ዛፍ?» አለኝ ናዚህ፣ አካፋው ላይ ተደግፎ።
«ለአንድ ጎን» አልኩት።
ምንም አላለም።
ሁለተኛውን ጀሪካን ሊያመጣ ሄደ፣ እጅጌውን አጥፎ።