ሰባ አራተኛው ዛፍ

ከለገሃር ጀርባ፣
ቆርቆሮ አጥሩ በተቀደደበት፣
አንድ ሰው በጎኑ
ትንፋሹን ውጦ በሚሾልክበት፣
እኔና ምንታምር ገባን ለቆጠራ፣
ቀለምና ሜትር ይዘን፣ አንድ ሰፊ መዝገብ፣ የቢሮ አደራ።

«ዛፍ ብቻ ቁጠሩ» ነበረ ትእዛዙ፤
ዝርያው፣ ውፍረቱ፣ ጤናው ከነመዘዙ።

ውስጡ ሌላ አገር ነው።
የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲሉ ይሰማል፤
ሃያ እርምጃ ስትገባ ግን
ጩኸታቸው ቅጠል ውስጥ ይሰጥማል።
እርጥብ አፈር ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣
አሮጌ፣ ዝናብ ያላጠበው፣ የግራሶ ጥላ።

አንድ፣ ባሕር ዛፍ። ሁለት፣ ባሕር ዛፍ።
ሦስት፣ ጥድ፣ ጫፉ የደረቀ።
አራት ብለን ግራዋ ላይ ተጨቃጨቅን፤
«ቁጥቋጦ ነው» አለች። ተሰረዘ።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ
ብረት እግሬን መታኝ።
ሀዲድ ነው፣ ቅጠል ለብሶ የተኛ።
ልከተለው አልኩ፤ መራኝ
በሳማ መሃል፣ በእንዶድ ሥር፣ ጠምዘዝ ብሎ ወደ ግራ፣
እንደ ሽማግሌ ወሬ
የጀመረበትን ረስቶ፣ የሚያልቅበትን ሳያጣራ።

ኩሽኔታ አገኘን። ጥርሱ የረገፈ ጊር።
የማንም ያልሆነ አንድ ዳዶ።
ጣራው ጥሎት የሄደ ግድግዳ፣
መስኮቱ ዛሬም የሚያይ ወደ ማዶ።

ጋሽ ሮብሌ መጡ፣ የግቢው ዘበኛ፣
ካፖርታቸው ከሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ፣
ዱላቸው የቧንቧ ብረት።
«ምን ትሻላችሁ?» አላሉም፤
«ቀስ በሉ፣ እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ» አሉን እንጂ።
በልጅነታቸው እዚሁ ነበሩ፣
የፉርጎ እግር በዘይት ሲያሹ።

«እነዚህን ባሕር ዛፎች፣ እንዲህ በሰልፍ የቆሙትን፣ ማን ተከላቸው?»
ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ ሁለት ጥርስ ነበር፣ ጎረቤት የሌላቸው።
«ለማገዶ ነዋ! ለዚያ!»
ዱላው ወደ ቁጥቋጦው ተዘረጋ፤
ሆዱ የተተረተረ ቦይለር
ተጋድሟል፣ አፉን እንደከፈተ።
«ያ ጉድ አይጠግብም ነበር። ቀን እንጨት፣ ሌት እንጨት።
እነዚህ ያኔ ችግኝ ናቸው፤
ተራቸውን ሲጠብቁ፣ በላተኛው ሞተ።»

ዝም አልን።
ለመቃጠል የተተከሉ፣
እሳቱን ቀብረው፣ አፈር አልብሰው፣
ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው
ዙሪያውን ከበው የዋሉ።

ሰባ አራተኛው ላይ ሜትሩ እምቢ አለ።
ዛፉ ሀዲድ ውጧል።
ብረቱ በአንድ ጎኑ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤
ቅርፊቱ ከንፈር ሠርቶ ገጥሞበታል፣
ቁስል ሳይሆን ጉርሻ ይመስላል።

«ዝርያ?» አለች ምንታምር፣ እስክሪብቶዋን ነክሳ።
«ባሕር ዛፍ።»
«ግማሹስ?»
«ብረት።»
«ብረት የሚል አምድ የለም።» ቆየች። «ጤናውስ?»
ጋሽ ሮብሌ ግንዱን መታ መታ አደረጉት፣ እንደ ፈረስ አንገት።
«እሱ ደህና ነው። የታመመው ብረቱ ነው፣
ክረምት በመጣ ቁጥር ይደማል።»

ቀለሙን ከፍቼ ቁጥሩን ቀባሁ፣
ቀይ በቀይ ላይ።
ትንሽ ራቅ ብዬ ዞር ስል
የትኛው የኔ፣ የትኛው የዝገቱ
መለየት አቃተኝ።

ስንወጣ ድምሩ መቶ አሥራ ሁለት፤
ምንታምር ደግማ ብትቆጥር መቶ አሥራ አንድ።
«አንዱ ሾልኮ ይሆናላ» አሉ ጋሽ ሮብሌ፣
«ሀዲዱ መቼ ተዘጋ በዚያ መንገድ?»
አላረምነውም።

ማታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የላዩን ብረት ይዤ ቆሜ
መዳፌን አየሁት፦
ዝገት፣ በእጄ መስመር ተጋድሞ።
ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ።
እስካሁን፣ እጄን ስጨብጥ፣
ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣
የሆነ ነገር ወደ ግራ ይታጠፋል።