የድንጋይ ጣራ፣ የውሃ ዓይን

አውቶቡሱ ጣለኝ፣ ከሜዳው ዳርቻ ላይ፤
ከተማው ሽቅብ ነው፣ ዳገት እስከ ሰማይ።
ጂሮካስትራ ይሏታል፤ ቤት በቤት ጫንቃ ላይ እየተረገጠ፣
ያንዱ ቤት ጣራው ለሌላው ደጅ ተሰጠ።
ጣራው ቆርቆሮ አይደል፤ ሸክላ እንኳ አይደለም፤
ድንጋይ ነው፣ ስስ ድንጋይ፣ የዝናብ ቀለም።

ሃሲዬ ተቀበለችኝ፣ ከእንጨት በሯ ቆማ፤
«ጫማህን አውልቅ» አለች፣ ሌላ ሰላምታ ሳታሰማ።
ያከራየችኝ ክፍል የልጇ የዲኖ ነው፤
የኳስ ቡድኑ ፎቶ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው።
እሱ ግን ያኒና ነው፣ ድንበር ተሻግሮ፣
የሰው ጣራ ይሠራል፤ ያውም በቆርቆሮ።
«አባቱ» አለች፣ ሳቋን በመዳፏ አፍና፣
«ይህን ቢሰማ ኖሮ ይሞት ነበር እንደገና።»

ሱሎ ጣራ ሠሪ ነበር።
አርባ ዓመት በዚህች ከተማ አናት ላይ ተራመደ።
የማን ቤት የት እንደሚያፈስ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል፤
የማን ትዳር እንደሚያፈስም፣ ትላለች፤
አንድም ቀን ግን ትንፍሽ አላለ።
ከዚያ አንድ የጥቅምት ማለዳ
ጤዛ የጠጣ ድንጋይ ከዳው።
ይህን ስትነግረኝ ድምፇ አልተሰበረም፤
የሩዝ ድብልብል ትጠብስ ነበር፣ ዘይቱ ይንጫጫል።
«ጣራው ከባድ ነው፤ ቤቱን ወደ ምድር ይጫነዋል።
ለዚህ ነው እዚህ አገር ነፋስ
ሰውን እንጂ ቤትን የማይወስደው።»

በማግስቱ ቡያር መጣ በጥንት መርሴዲሱ፤
«ወደ ሰማያዊው ዓይን ነው?» አለ፣ ሳልነግረው፣ በራሱ።
ሃሲዬ ተከትላኝ ወጣች፤
በጋዜጣ የጠቀለለችውን ሰጠችኝ፣
መዳፍ የማትሞላ የጣራ ድንጋይ ስባሪ።
«የዚያን ቀን አብራው የወደቀችው ናት።
ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል፤ አንተ ወርውርልኝ።
ያ ውሃ ድንጋይ አይውጥም ይላሉ፣ መልሶ ይተፋል ይላሉ።
እይልኝ።»

በእነሱም አፍ ዓይን ነው፣ በእኛም አፍ ዓይን ነው፤
ምድር አንዴ ገልጣ ዳግም ያልከደነችው።
ዳሩ አረንጓዴ፣ ሽፋሽፍቱ የዛፍ ጥላ፣
ብሌኑ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከታች የሚፈላ፤
የሚፈላ፣ ግን በረዶ። አንዲት ተማሪ እግሯን ነክራ
እስከ ስድስት ቆጠረች፤ ሰባት ላይ ጮኸች።
ጠላቂዎች ገብተው ነበር አሉ፤ ውሃው ገፍቶ መለሳቸው።
«ጥልቀቱስ?» አልኩት ቡያርን።
ትከሻውን ሰበቀ፤ በእፍኙ እየጠጣ፣
«ጥልቀት የሚጠይቅ፣ ያልጠማው ሰው ነው።»

ወረወርኩ።
ገባ። የጠፋ መሰለኝ።
ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ተነሣ፣
እንደ ዓሣ ጎኑን አሳየኝ፣
ዞረ፣ ወረደ፣ ደግሞ ተነሣ።
አልሰጠመም፤ አልወጣም፤
በምድር እስትንፋስ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።
ደመና አለፈ፣ ብርሃኑ ውሃው ላይ ተሰበረ፣
አጣሁት።

ማታ ከደጃፉ ሳልደርስ፣
«ተፋው?» አለች።
ደስ የሚላትን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር።
«አልወሰነም» አልኳት።
ዝም አለች። ቆይታ እጇ ወደ አፏ ሄደ፤
«ሱሎም እንዲያ ነበር፤
ሲወጣም ሲወርድም ጊዜ ይፈጅበታል።»

ሌሊት ዘነበ።
የከተማው ጣራ ሁሉ ባንድ ድምፅ አጉረመረመ፤
ከራስጌዬ በላይ ግን፣ አንድ ቦታ፣ ጠብ አለ።
ሃሲዬ በጨለማ ሳፋ ይዛ መጣች።
መብራት አላበራችም፤
ቦታውን ታውቀዋለች።