ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
የእጄን ግሪስ ደግሞ በነጠላ ደብቄ።
መርፌው ተንቀጥቅጦ ሰማንያ ሁለት ላይ
ቆመ፤ ሲስተር ፋንቱም ደግማ እንኳ ሳታይ
ከግድግዳው ሜትር ቁመቴን አነበበች፣
ለራሱ አባዝታ ክብደቴን አካፈለች፣
"ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት" ብላ ጻፈች።

ከዚያ ሰንጠረዡ፣ በፕላስተር የተለጠፈው፣
የጣቷን ጫፍ ወስዶ ቀይ ዓምድ ላይ አሳረፈው።
ወንበሯን ከወንበሬ ጎን አስጠግታ፣
ወረፋ ጠባቂው እንዳይሰማት ሰግታ፣
"ጉደቱ፣ ውፍረት ነው፤ ያውም ከልክ ያለፈ፤
ቢኤምአይሽ ይኸው፣ ካርድሽ ላይ ተጻፈ።
ዘይት ቀንሺ፣ ስኳር ተዪ፣ በእግርሽም ሂጂ፣
ቁጭ ብሎ መዋል ይብቃሽ፣ እንቅስቃሴ ልመጂ።"

እንቅስቃሴ?
ሳቄ አመለጠኝ፤ ሆዴም አብሮ ሳቀ፣
የአምስት ወሩ እንግዳም ጎኔን ደለቀ።

ከጅቡቲው መንገድ፣ ከማደያው ማዶ፣
ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲጠብሰው አንድዶ፣
ከንጋት እስከ ማታ የሲኖ ጎማ ስፈታ፣
ፌሮ ስደግፍ፣ መዶሻ አንስቼ ስመታ፣
ዝገት የበላውን ቡሎን ሳዞረው፣
እንቅስቃሴ ማለት የቱ ነው የቀረው?
ክንዴ ላይ ያለው ሥጋ በማንኪያ አልተቀዳም፤
የዘጠኝ ዓመት ጎማ ነው፤ ያለ ላብ አልመጣም።
ያ በበሩ የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ፣ ጎድኑ የሚቆጠር፣
ሚዛን ላይ ቢያቆሙት "ልከኛ" ይባል ነበር!

እኔም መለኪያ አለኝ፤ አልንቅም መለኪያ፤
እንጀራዬም እሱ፣ የቤቴ መቆሚያ።
ከጎማው አፍ ስሰካው የውስጡን ይነግረኛል፣
ንፋሱ ስንት እንደሆን በቁጥር ይለኛል።
ሽቦው ተበልቶ እንደሆን ግን አይነግረኝም፣
የተሸሸገውን ሚስማር አያሳየኝም።
አዋሽን ተሻግሮ ጋላፊ ይደርስ እንደሁ፣
መለኪያውን ሳይሆን መዳፌን እጠይቃለሁ።

ይኼን ስነግራት እስክሪብቶ ነከሰች፤
"እኔስ መች አጣሁት" ብላ ተነፈሰች።
"ሰንጠረዡ ጡንቻ አያውቅም፣ የሽርት ውሃ አያውቅም፣
ማሕፀን ያዘለውን ከጮማ አይለይም።
ያውም የሚጠቅመው ከማርገዝ በፊት ነው፤
ያኔ ያንቺን ክብደት ማን ነበር ያየው?
ግን ከላይ ሲጠይቁኝ ሪፖርት ነው የምሞላ፣
ለጡንቻ የሚሆን ሳጥን የለውም ሌላ።"

ክንዴን ጠቀለለች፤ ጨርቁ አጠረባት፤
ትልቁ ጨርቅ ከመሳቢያው ወጣላት።
ነፋች፤ ጆሮዋን ጣለች፤ ቀስ ብላ ለቀቀች፤
"መቶ አስር በሰባ" ብላ ፈገግ አለች።
"ሥራሽ ግን" አለችኝ፣ "ከስድስተኛው ወር ወዲህ፣
የሲኖውን ተዪው፤ ባጃጅ ይበቃሻል ከእንግዲህ።"
እሺ አልኩ። ይኼን ቃል ሚዛኑ አልተናገረውም፤
አይታኝ ነው ያለችው፤ እኔም አልጠላሁትም።

ጋሪ ላይ ስወጣ፣ ልዋሽ? ሆዴ ባባ፤
ያ ቀይ ቃል ከካርዱ ወጥቶ ቤቴ ገባ።
ቶሌራ "ምን አለች?" ሲለኝ "ደህና" ብዬ፣
ጨለማ ውስጥ ክንዴን ዳሰስኩት፣ ብቻዬ።
ስሜን ሲያወጡልኝ "አድጊ" ነበር ያሉኝ፤
አድጌ ስመጣ "በዛሽ" ብለው ጻፉብኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለሚ ተሳቢውን በክሪክ አንሥቶ፣
"ስንት ልሙላ?" አለኝ፣ የንፋሱን ቱቦ ስቦ አምጥቶ።
"መቶ አስር" አልኩት።
ሆዴን ዳሰስኩት።
ከኮረብታው ወዲያ ተርባይኑ ይዞራል፤
ጎማው፣ እየሞላ፣ ቀስ እያለ ይነሣል።