ወፎች ወደ ላይ ሲያይ

ኢሎኢሎ ከተማ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ጆቪታ ማግባኑዋ የማታውቀውን ሰው ሕመም ስታይ፣
ኔብራስካ ገና ከሰዓት ነው፤ አልጠለቀችም ፀሐይ።
ከሐኪሙ እጅ የደረሳት ሁለት መስመር ናት፦
«ወንድ፣ ሰባ አራት ዓመቱ፤ ወለምታ፣ የአንገት ጅማት።
ወፎች ወደ ላይ ሲያይ ነው ይላል። ማስታገሻ፣ ዕረፍት።»

ኔብራስካን በዓይኗ አላየችም፤ በአጥንቱ ግን ታውቀዋለች፦
የበረዶውን ወራት በዳሌ ስብራት፣ አጨዳውን በተቆረጠ ጣት ትለየዋለች።

ኮዱን ጣቷ ያውቀዋል፣ ዓይኗ ቢከደን እንኳ አትስት፤
ኤስ፣ አሥራ ሦስት፣ ነጥብ፣ አራት፤
ቀጥሎ ሁለት ኤክስ፣ በራሳቸው ምንም የማይሉ፣
ሰርግ ቤት ወንበር ይዘው እንደሚጠብቁ ልጆች፣ ላልመጡ፣ ለሌሉ፤
መጨረሻ ላይ ኤ፤ «ሕክምናው ገና ነው» ማለቷ ነው።
ሲመላለስ ዲ ይሆናል፤ ቁስሉ አልፎ ጣጣው
ከቀረ፣ ኤስ። ከዚያ ወዲያ ፊደል የለው፣
ሰው የሚባለው።

ምክንያቱስ? ምክንያት ካልተሞላ ፋይሉ አይዘጋም።
መኪና ከኋላ ቢገጨው፣ መሰላል ቢከዳው፣ ኮድ አይታጣም።
የወፎቹን ገጽ ገለጠች፤ መዝገቡ ለጉድ ነው፦
በቀቀን የቦጨቀው፣
ዝይ የመታው፣
ቱርክ ዶሮ የጠቀጠቀው፣
ዳክዬ፣ አዎ፣ ዳክዬ የነከሰችው።
ወፍ ሰውን የበደለው በደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር ይዟል፤
ሰው ወፍን ሲያይ የሚመጣበትስ? ገጹ እዚያ ያልቃል።

አለቃዋ ሚስተር ዲቪናግራሲያ በትከሻዋ በላይ አጮለቀ፦
«ባልተመቸ አኳኋን መቆየት በይና እለፊ፤ ሌሊቱ አለቀ።»

ግድግዳው ላይ የሙያው ሕግ አለ፦ «ያልተጻፈ አልተደረገም።»
ስለዚህ ለሐኪሙ ጥያቄ ላከች፤ መልስ መጠቆም አይፈቀድም፤
«ምን ሲያደርግ ነበር?» ትላለች እንጂ፣ «ከደስታ ነው?» አትልም።

እኔ በማስብበት ቋንቋ፣ አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው ይባላል፤
አንገት ደፊውም አገር አጥፊ ተብሎ ይታማል፤
ሽቅብ አይቶ ስለታመመ ግን ተረቱም እንደ መዝገቡ ዝም ይላል።

ዶክተር ቮቦሪል ሊነጋጋ ሲል መለሰ፣ ቤት ሳይመታ፣ ሳይሽሞነሞን፦

«ፕላት ወንዝ ዳር ሽመላ ሲቆጥር ነው። ሦስት ሰዓት ቆሟል።
በየመጋቢቱ የምትቆጥረው ሚስቱ ነበረች። ኅዳር ላይ ሞተች።
ሺህ ስድስት መቶ ላይ ጠፋበት፤ እንደገና ከአንድ ጀመረ።
አምሳ ዓመት በቆሎ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነው፤ አንገቱ አልለመደም።»

ጆቪታ አለቃዋ ያላትን አስገባች። ሌላ ምን ታስገባ?
ሁለቱ ኤክሶች ግን፣ ዓይኗ ውስጥ እንባ ይሁን እንቅልፍ ሲገባ፣
ክንፍ የዘረጉ መሰሏት፣ ከሩቅ የሚታዩ፣
ከአራቱ በኋላ፣ ከኤዋ በፊት፣ ከመንጋው የተለዩ።

ጂፕኒ ስትጠብቅ፣ ማለዳ፣ ሽቦው ላይ ድንቢጦች ሰፍረዋል።
ቀና አለች። አንገቷ ቀጭ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ያደረች አንገት ማን ይመዘግበዋል?
አሥራ አንድ ቆጠረች፤ አንዱ በረረ፤ ጂፕኒው መጥቷል።

በሦስተኛው ሳምንት ያው ሰው በዲ ተመለሰ፦
«ተሽሎታል፤ አገጩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ትከሻው ደረሰ።
ለከርሞ የሚያንጋልል ወንበር ይዞ እንዲሄድ ተነግሮታል።»

እስከ ስንት ቆጠረ?
ሐኪሙ አልጻፈውም።
ጆቪታ የጥያቄውን ቅጽ ከፈተች፣ ጥቂት አየችው፣ ዘጋችው።
ቀጣዩ ፋይል፦ ቁርጭምጭሚት።