ጥርጊያ

እዚህ፣ ከኖርዌይ ጫፍ፣ ዓሣ ተሰቅሎ በነፋስ ከሚደርቅበት፣
ፀሐይ በኅዳር ሄዳ በጥር ከምትመጣበት፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በረዶ ጠርጌያለሁ፤
ሰባኪ አይደለሁም፤ ሾፌር ነኝ፤ መንገድ አያለሁ።

የገና ዋዜማ ነው። ነፋሱ ተነሣ።
ሬዲዮው አንቋረረ፤ ስሜን አነሣ፦
«አስቢየርን፣ ከኬላው ሰባት መኪና ቆሟል፤
ካልመራሃቸው አያልፉም፤ መንገዱ ጠፍቷል።»

እኔ ግን ለዚያ ማታ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ፤
አንዲት ሻማ በኪሴ፣ ክብሪትም ነበረኝ፣
ለራግንሂል መቃብር። የአገሩ ልማድ ነው፤
በዚህ ማታ መቃብሩ ሁሉ መብራት አለው።
በሕይወት ሳለች እንኳ፣ ራቷ እየቀዘቀዘባት፣
አንድም ገና አላለፈ እኔ ሳላረፍድባት።
ዛሬም አረፈድኩባት። ማርሽ አስገባሁና
ወደ ኬላው ወጣሁ፣ በገና እያጉረመረምኩ ገና።

አዋላጇ ቶሩን አለች፤ ከማዶ አንዲቱን ምጥ ይዟታል፤
ቄስ ኦድቫር አለ፤ ምእመኑ ቆሞ ይጠብቀዋል፤
ሚንዳውጋስ አለ፣ የሊትዌኒያው ልጅ፣ ከዓሣው ፋብሪካ፣
ለበዓል የሚጠራው አንድም ዘመድ የሌለው ለካ።
«ታዲያ ለምን ትሻገራለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ሰው ወዳለበት ልሂድ ብዬ» አለኝ፤ ይኸው።
ኪሴን አየና፣ «ሻማው ለማን ነው?» አለኝ።
ነገርኩት።
ዝም አለኝ።

ነጭ በነጭ ላይ ነው። ከመስታወቱ ማዶ ምንም አይታይም።
ከፊቴ መሪ የለኝም፤ ከኋላዬ ያሉት ይህን አያውቁም።
በስፖኪዮው ሰባት ጥንድ መብራት አምኖኝ ይከተላል፤
ሰው ሲያምንህ እንዴት ያስፈራል!
ከዳር የተተከሉትን እንጨቶች እየቆጠርኩ፣
አንድ እንጨት፣ ቀጥሎ አንድ እንጨት፣ ተራራውን ወጣሁ፣ ወረድኩ።

ያኔ ነው ያ ቃል የመጣብኝ፣ በልጅነቴ የሰማሁት፣
የዚያ የበረሃ ሰው ጩኸት፣ ስለ ጥርጊያ የጮኸበት።
«ጌታ ሆይ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን፣
«አንተ ስትመጣ ግን ማን ጠረገልህ መንገድህን?
ማደሪያው ሞልቶ ነበር፤ በሩም ተዘግቶ፤
በግርግም ተኛህ፣ ሙቀትህ ከከብት ትንፋሽ ተገኝቶ።
ጠብቀህ ቢሆን ኖሮ ጥርጊያው እስኪቃና፣
እኛ ጋ ባልደረስህ፤ ባልኖረንም ገና።»

መልስ አልሰማሁም። መጥረጊያው መስታወቱን ይፈገፍጋል፤
ሞተሩ ያጓራል፤ በረዶው ይወርዳል።

ሰባቱም በደኅና ከሸለቆው ወረዱ፤
ጡሩምባ ነፉልኝና በየመንገዳቸው ሄዱ።
ዞሬ ሳይ፣
አሁን የጠረግኩት ጥርጊያ
በረዶ ሞልቶታል፤ የለውም መለያ።

ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን እላለሁ፦
ትናንት በበላሁት ዳቦ ዛሬን መች እውላለሁ?
ይቅርታም እንደዚያው፤ ትዕግሥትም፤ ሰላምታም፤
በየጧቱ ካልጠረጉት ከደጅ አያስወጣም።

እስከ እኩለ ሌሊት ሦስቴ ተመላለስኩ፤
ከዚያ ከመቃብሩ አጥር ቀስ ብዬ ደረስኩ።
ሻማዬን ከኪሴ ባወጣው፣ በሞተሩ ሙቀት ጎብጧል።
አካፋ አልያዝኩም። በረዶው ወገብ ይደርሳል።

ግን አየሁ።
ከበሩ እስከ ድንጋይዋ፣ ጠባብ፣ በአካፋ የተቀደደ
ጥርጊያ፤ በአንድ ሰው ልክ፤ ጠርዙ ገና ያልተናደ።
ጫፉ ላይ፣ በባዶ የዓሣ ጣሳ፣ ሻማ ተለኩሶ
ይነዳል፣ ጣሳው ዙሪያውን በረዶ ለብሶ።

ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።
የዓሣ ሽታ ግን አልስትም።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው ስጠርግ ኖሬ፣
ሰው በጠረገልኝ ሄድኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዛሬ።
የጎበጠውን ሻማ ከዚያኛው ጎን አቆምኩት፤
ከእሳቱ እሳት ወስጄ ለኮስኩት።
«ዛሬም አረፈድኩብሽ» አልኳት።

ከመኪናው ሬዲዮው አንቋረረ፦
«በረዶው ጨምሯል። አስቢየርን፣ አለህ?»

አለሁ፣ አልኩ።