የአባት ስም

ደብረ ብርሃን፣ ቀበሌ ዜሮ ስድስት፤
ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ
ተራዬ ደረሰ።
ልጅቷ ቀና ሳትል፣ ጣቷ ከቁልፎቹ ላይ፣
«ስም?»
«ሰጥአርጌ።»
«የአባት ስም?»

ዝም አልኩ።
ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

ይህችን አንዲት መስመር፣ ይህችን ባዶ ቦታ፣
ስሸሻት ኖሬአለሁ አርባ ዓመት ጠዋት ማታ።
መሐል ሜዳ ሳለሁ፣ አጥንት ሲቆጠር ሰምቼ፣
የኔ ጋ ሲደርሱ ዝም ሲሉ አይቼ፣
ከሰው ሠርግ ወጥቻለሁ ምሳዬን ሳልበላ፤
የማን ነህ የሚል ሰው እንዳይመጣ ኋላ።

እናቴ እንጉዳይ
ስሙን ብጠይቃት፣ ሱፍ እየፈተለች፣
«ነፋስ ነው ልጄ» ትል ነበር፤
«ነፋስ ደግሞ ስም የለውም።»

የክርስትና ስም ግን ነበረኝ፤ በአርባ ቀኔ የወጣልኝ፦
ወልደ አብ።
ቄሱ ለቁርባን ቆሜ በዚህ ስም ሲጠራኝ
ልጆቹ ከኋላ በሳቅ ፈነዱብኝ፤
«የአብ ልጅ! የማን አብ? አባቱስ የት አለ?»
ስሜ ስድብ ሆኖ ከጆሮዬ ዋለ።

ኋላ፣ ጢሜን መላጨት ከጀመርኩ በኋላ፣
ሸዋ ሮቢት አለ ሲሉ ሰማሁ፤
ሽንኩርት ያስጭናል፣ ሁለት ቤት፣ አንድ ፓምፕ አለው።
በአይሱዙ ወረድኩ፤ ጣርማበርን በጉም፣ ደብረ ሲናን በዝናብ፣
ጉልበቴ ላይ አዲስ ጋቢ፣ ለእሱ የገዛሁት።

አገኘሁት።
አፍንጫዬን ፊቱ ላይ አየሁት፤
እሱም አየው፤ አይቶ ወደ ጆንያዎቹ ዞረ።
«ተሳስተሃል ወንድሜ» አለኝ።
ወንድሜ!
መቶ ብር ዘረጋልኝ፣ ለመሳፈሪያ።
ጋቢዬን እንደታቀፍኩ ወጣሁ።
ሽንኩርቱ ነው እንዳልል፣
ዓይኔን ያቃጠለኝ አስፋልቱ ላይ ስደርስ ነው።

ስመለስ መኪናው ተበላሸ፤ ደብረ ሲና አደርኩ፤
ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ጋቢውን ራሴው ለብሼ።
ሌሊት ሰዓታት ሲቆም የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ፤
ዜማ የማያውቅ፣ ዘበኛ ይሁን የኔ ቢጤ እንጃ፣
«አባታችን ሆይ» ብሎ ጀመረና ሳል ያዘው።
እዚያው ላይ ቆመ።
ሳሉ እስኪለቀው ሁለቱ ቃል ብርዱ ውስጥ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት ማታ ስደግመው፣
ወደ እንጀራው፣ ወደ በደሉ ስሮጥ
ሳላየው ያለፍኩት ደጃፍ!
አባት ፍለጋ ቆላ ድረስ የወረድኩት ሰውዬ
በየቀኑ ስጠራው ኖሬአለሁ ለካ።

ቀስ ብዬ ስሜን ጠራሁት፦
ወልደ አብ።
ማንም አልሳቀም።

«ጋሼ፣ የአባት ስም?»
ያንን ልል ከጀለኝ፤ ተውኩት።
ያ ስም ለዚህ መስመር አይደለም፣ መስመሩ ይጠበዋል።
«ይፍሩ በይው» አልኳት፤ የእናቴን አባት።
ጻፈችው።
አርባ ዓመት የፈራሁት
ሦስት ፊደል ብቻ ነበር።

«ጣትዎን እዚህ ይጫኑ።»
ተጫንኩ። መብራቱ ቀይ። ደገምኩ። ቀይ።
አሁን ገና ቀና አለች፤
«አሻራዎ ጠፍቷል። ሥራዎ ምንድን ነው?»
«ድንጋይ ጠራቢ።»

ድንጋይ ስጠርብ ኖሬ፣ እሱም እኔን ጠርቦ
ወስዶታል መስመሬን ከጣቴ ሰብስቦ።
የልጅ ነገር ሆኖ፣ ወይ ዕድሜዬ ሆኖ፣
አልደነገጥኩም።
የመቅረጽ ነገር ከማንም በላይ ይገባኛል፤
መሮ የገባበት በዝናብ አይጠፋም፣
ሚስማር የበሳው እጅ የያዘውን አይረሳም።
እዚያ አለሁ።

«ማታ በቅባት አሸት ያድርጉትና ነገ ይምጡ» አለችኝ።
ቅባት።
ሳቄ መጣ፤
ግንባሬን ዳበስኩ፣ በአርባ ቀኔ ሜሮን ያረፈበትን፤
ሰውዬው ከኋላዬ አሁንም ጉሮሮውን ጠረገ፣
ተራውን ለቀቅኩለት።